የማርሚታ ነገር

መኪና ላይ ከተገጠመው ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ብዙም የማይሠራ አንድ አለ፤ ማርሚታ። ፍሬኑ ባለቤቱን ከገደል ያድነዋል። ስፖኪዮው ከኋላ የሚመጣበትን ያሳየዋል። ወንበሩ ወገቡን ይደግፍለታል። የዝናብ መጥረጊያው እንኳ የሚለፋው ለእሱው ዓይን ነው። ማርሚታ ግን ጭቃና ጠጠር እየተረጨበት ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ የሚያገለግለው ውጪ ያለውን ሰው ነው፤ መንገድ የሚሻገረውን፣ ደጃፉ ላይ ቡና የሚጠጣውን፣ ሌሊት የተኛውን። “ጭሱን ከሾፌሩ እግር ሥር ወስዶ ከኋላ ይጥልለት የለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጥልለታል። ግን ለዚያ አንድ ባዶ ቱቦ ይበቃው ነበር። መሀሉ ላይ ያ ሁሉ ክፍልና ቀዳዳ፣ ያ ሁሉ የሆድ ዕቃ የተሠራው ለሌላ ሰው ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን ከመኪናው ጋር የመጣውን ማርሚታ ፈትተው “ድምፅ ያለው” የሚሉትን መግጠም ይዘዋል። አንዳንዱ ጋራዥ ይወስደዋል፤ አንዳንዱ እዚያው ግቢው ውስጥ በክሪክ አንስቶ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ ራሱ ይገባበታል። አዲስ ልማድ ይመስላል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጠብ ነው፤ በሚነዳውና በማይነዳው መካከል ያለ ጠብ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ማርሚታ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ድስት ማለት ነው። መኪና ሥር የተንጠለጠለውን ሆዳም ብረት ሲያዩት ድስት መሰላቸውና ያንኑ ስም ሰጡት። ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ “የጭስ ድስት” ዓይነት ነገር ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ መኪና የገባው ከወረራው በፊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቅርቧል። የጋራዡ ቋንቋ ግን ከጣሊያን የተረፈ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ... አገር ሊገዛ የመጣው ተባሮ ሄደ፤ ቃሉ መካኒኩ አፍ ላይ ቀረ። አሁን አንዱን የመኪና ዕቃ ሻጭ “የጭስ ማውጫ አለህ?” ብትሉት ከመጽሐፍ የወጣችሁ መስሎት ነው የሚያያችሁ።

ወደ ጠቡ እንሂድ። ሞተር ውስጥ የሚካሄደው በአጭሩ ፍንዳታ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ተራ የቤት መኪና በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ይፈነዳል። መቶ! ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ በሩ ሲከፈትለት ትኩሱ ጋዝ በግፊት ይወረወራል፤ ግፊቱ ጆሯችን ሲደርስ ጩኸት ይሆናል። የማርሚታ ሥራ ጋዙን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞሩ ማብረድ፣ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው የድምፅ ሞገድ ሌላውን ሞገድ እንዲያጠፋው ማድረግ ነው። ጩኸትን በጩኸት ማጥፋት በሉት።

ይህን ካሰቡት ቀደምቶች መካከል በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኮለምበስ የምትባል ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ። ሚልተን በ1896 ሞተር ያለው ሠረገላ ሠራ። ሠረገላው ይሄዳል፤ ጩኸቱና ጭሱ ግን አያድርስ ነው። በማግስቱ ዓመት ወንድማማቾቹ ለማርሚታቸው የፈጠራ መብት ጠየቁ። ልብ በሉ፣ ሞተሩ ተሠርቶ ዓመት ሳይቆይ ነው ጎረቤት የታሰበው።

ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው የማክሲም ቤተሰብ ነው። የአባትና የልጁን ነገር ሳነብ ሁሌም ይገርመኛል። አባትየው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በ1880ዎቹ ስሙን የተሸከመውን መትረየስ የሠራ ሰው ነው፤ አውሮፓውያን አፍሪካን ሲቀራመቱ የተመኩበትን መሣሪያ። ከተኩሱ ጋር ሲውል ኖሮ ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ1909 ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሞተር አዞረና ማርሚታም ሠርቶ ሸጠ። አባት በጩኸት፣ ልጅ በዝምታ እንጀራ በሉ ማለት ነው። ልብ ወለድ ላይ ብናነበው “ደራሲው አበዛው” እንል ነበር።

ታዲያ ማርሚታ ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ ሾፌሮች ማምለጫ አበጁለት። በ1900ዎቹና በ1910ሮቹ ብዙ መኪኖች ከማርሚታው ፊት ለፊት ቱቦው ላይ አንድ ክዳን ነበራቸው። ሾፌሩ ፔዳል ረገጥ ሲያደርግ ክዳኑ ይከፈታል፤ ጋዙ ማርሚታው ውስጥ ሳይገባ በአቋራጭ ይወጣል። ሰበቡ “ዳገት ላይ ጉልበት ይጨምራል” የሚል ነበር። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አልነበረም፤ የዚያን ዘመን ማርሚታ ጋዙን አንቆ የሚይዝ ዓይነት ነበርና። ግን ዳገት ላይ የከፈተው ሰው ሜዳ ሲደርስ አይዘጋም። የከተማ ምክር ቤቶች ተራ በተራ ይከለክሉት ጀመር። ሾፌሩ “ጉልበት” እያለ፣ ከተማው “እንቅልፍ” እያለ ሲከራከሩ ክዳኑ ቀስ በቀስ ከአዳዲስ መኪኖች ላይ ጠፋ።

ነገሩ ወደ ቤት ግቢ የገባው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ፎርድ በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ተራ ሰው ሊገዛው በሚችለው መኪና ላይ አወጣ። አራቱ ሲሊንደር በግራ፣ አራቱ በቀኝ ሆኖ የሁለቱም ወገን ጭስ መጨረሻ ላይ በአንድ ቱቦ ይወጣል። እነዚያ መኪኖች አርጅተው ዋጋቸው ሲወርድ የሎስ አንጀለስ ወጣቶች እጅ ገቡ። ወጣቶቹ ጭቃ መከላከያውን ነቀሉ፣ ኮፈኑን አወለቁ፣ ከዚያም ቱቦውን ቆርጠው ለግራው ለብቻው፣ ለቀኙ ለብቻው አደረጉት። ሁለቱ ወገኖች ሲለያዩ ፍንዳታው በየቱቦው እኩል ርቀት ጠብቆ አይመጣም፤ አንዴ ይደራረባል፣ አንዴ ይዘገያል። የአሜሪካ ፊልም ላይ የምትሰሙት ያ ጉርምርምታ ከዚህ የመጣ ነው። ማርሚታውን ደግሞ በሌላ ዓይነት ተኩት፤ ቀዳዳ የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ዙሪያው በፋይበርግላስ የተጠቀለለ። ድምፁን ያወፍረዋል እንጂ አያጠፋውም።

የት ነበር የሚሮጡት? ከከተማው ወጥቶ ሞሀቬ በረሃ ውስጥ የደረቁ ሐይቆች አሉ፤ ሙሮክ፣ ኤል ሚራዥ የሚባሉ። እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ሰው የለበት፣ ቤት የለበት። በ1937 ክለቦቹ ተሰባስበው የደቡብ ካሊፎርኒያን የሰዓት ተወዳዳሪዎች ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ልጆች ከሞተሩ ጎን የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ክዳን ያለው ቱቦ ይገጥሙ ነበር። ስሙም ከሐይቁ የመጣ ነው፤ “የሐይቅ ቱቦ” እንበለው። ሐይቁ ላይ ሲደርሱ ክዳኑን ፈትተው ሞተሩን ያስጮሁታል፤ ሲመለሱ ይገጥሙታል። ነገሩ ከአባቶቻቸው ክዳን ጋር አንድ ይመስላል፤ የሚለያየው ግን የሚከፈትበት ቦታ ነው። ሁሉም እንደዚያ ጨዋ ነበሩ እያልኩ አይደለም፤ ከተማው ውስጥም ከፍተው የሚያልፉ ሞልተው ነበር፤ ፖሊስም ሲያሳድዳቸው ነበር። ቢሆንም የጩኸቱን ቦታ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበረ ለማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ ብዙዎቹ በሠራዊቱ ውስጥ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ብየዳም ተምረው ነበር። በጥር 1948 ሮበርት ፒተርሰን ሆት ሮድ የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ በ1951 ደግሞ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋመ። መጽሔቱ ሥራውን በፎቶ እያሳየ አስተማረ፤ ዕቃ ሻጩም በፖስታ ላከ። ጎን ለጎን አዲሶቹ የከተማ ዳር ቤቶች ከነመኪና ማቆሚያቸው ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ያ በር ያለው፣ መብራት ያለው፣ ከሳሎን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ክፍል የአሜሪካ ወንድ ሁሉ ወርክሾፕ ሆነ። ስንቱንም ገደለ። በሩ ተዘግቶ ሞተር ሲነሳ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ቀድሞ ይይዘዋል፤ ሰውየው ራሱን ትንሽ ያመዋል፣ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ በቃ። በደንብ ያልጠበቀች አንዲት ጓርኒሲዮን ትበቃለች።

የእኛ ግቢ እንኳን ጣሪያ የለውም፤ ይህ አንዱ በረከቱ ነው። አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እጁን አደነቅሁለት። በክሪክ ብቻ ተማምኖ አልገባም፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ ከሥር ጉማጅ ግንድ አስገብቶ፣ መኪናውን ነቅነቅ አድርጎ አይቶ ነው የተጋደመው። የዛገውን ብሎን ዘይት አጠጥቶ ቁርሱን በልቶ መጣ። የቸኮለ ሰው ብሎኑን ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የጎማ ማንጠልጠያዎቹን በሳሙና ውኃ አርሶ አወለቃቸው። አዲሱን ሲገጥም መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጎ ሰቀለ፣ ከወለሉ ጋር እንዳይጋጭ አስተካከለ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ እያለ አጠበቀ። ሞተሩን አስነስቶ የቱቦውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ትንሽ አፈን አደረገና በመገጣጠሚያዎቹ በኩል “ሽ...” የሚል እንዳለ አዳመጠ። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ በአንዳንድ ጋራዥም አላየሁ።

“ጋሼ፣ እስቲ ይስሙት!” አለኝና ነዳጁን ረገጠው።

ሰማሁት። እኔ ብቻም አልሰማሁም፤ ከላይኛው ቤት እናትየው “አንተ ልጅ! አራስ አለች እኮ!” ብለው ብቅ አሉ። ልጁ እግሩን አነሳና ሳቅ አለ። “ሕፃኑ ይለምደዋል፣ ጋሼ” አለኝ።

“አሁን ጉልበቱ ጨመረ ማለት ነው?” አልኩት።

“በደንብ ነዋ!”

ጆሮ ግን ጉልበት አይለካም። መንገዱ ከሰፋ ጋዙ በቀላሉ ይወጣል መባሉ ትክክል ነው፤ በከፍተኛ ዙር ለሚሮጥ ሞተር ይጠቅማል። ከመጠን በላይ የሰፋ ቱቦ ግን በዝቅተኛ ዙር የጋዙን ፍጥነት ያወርደዋል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይደክማል። በእኛ መንገድ ደግሞ ማን በከፍተኛ ዙር ይሮጣል? ከመገናኛ ሜክሲኮ ድረስ የምንሄደው በመነሳትና በመቆም ነው። ስለዚህ ልጁ የገዛው ድምፅ ነው። ድምፅ መውደድ ኃጢአት ነው አልልም፤ እኔም የድሮዋ ኤን ትሬ ዳገት ስትወጣ የምታሰማው እሮሮ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። በስሙ ይጠራ ነው የምለው።

ድምፁን ተዉትና፣ በዚያ ቅዳሜ ከማርሚታው ጋር አብራ የወለቀች አንዲት ዕቃ ነበረች። ከውጪ ትንሽ ማርሚታ ትመስላለች፤ ውስጧ ግን እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ትባላለች። ልጁ “እሷን የሚገዙ ሰዎች አሉ” ብሎ በጎን አስቀመጣት። መገዛቷ እውነት ነው፤ ሸክላው በፕላቲኒየምና በፓላዲየም ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ስንት ዋጋ እንደተከፈለባት ግን የሚገዟትም የሚሸጧትም ብዙ አያስቡትም።

በሐምሌ 1943 ሎስ አንጀለስ ላይ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ወረደ። ጦርነት ላይ ናቸውና ብዙ ሰው ጃፓን መርዝ የለቀቀች መስሎት ነበር። ከዚያ አንድ የሰው ሠራሽ ጎማ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ላይ ተፈረደ፤ ፋብሪካው ሥራ ቢያቆምም ጭጋጉ አልቆመም። መልሱን ያገኘው አሪ ሃገን ስሚት የተባለ በካልቴክ የሚያስተምር የኔዘርላንድ ተወላጅ ኬሚስት ነው። ሰውየው የሚያጠናው የአናናስን መዓዛ ነበር! ያንኑ የመዓዛ መለያ ዘዴውን በከተማው አየር ላይ ሞከረው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደረሰበት ነገር፣ ከመኪና የሚወጣው ሳይቃጠል የቀረ ቤንዚንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተዋህደው ዓይን የሚያቃጥለውን ጭጋግ እንደሚፈጥሩ ነው። ወንጀለኛው ፋብሪካው ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ግቢ ውስጥ የቆመው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ዩጂን ሁድሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ተጨነቀ። ቤንዚን የሚጣራበትን አዲስ መንገድ የፈጠረው እሱ ራሱ ነበር። ለጭሱ ማጣሪያ ሠርቶ በ1956 የፈጠራ መብት አገኘ። ግን አልሠራለትም። ምክንያቱም ቤንዚኑ ውስጥ እርሳስ ነበረበት፤ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ኬሚስት በ1921 ሞተር እንዳያንኳኳ ብሎ የጨመረው። እርሳሱ የማጣሪያውን ሽፋን ለብጦ ይገድለዋል። ሁድሪ በ1962 ሕልሙ መንገድ ላይ ሳይወጣ ሞተ።

በ1970 አሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ስታወጣ የመኪና ኩባንያዎች ወደ ሁድሪ ማጣሪያ ለመመለስ ተገደዱ፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮም ገጠሙት። ማጣሪያው እንዲኖር ደግሞ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን በየማደያው መቅረብ ነበረበት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ይናገሩ ነበር፤ ክሌር ፓተርሰን የተባለው፣ የምድርን ዕድሜ የለካው ሳይንቲስትም እርሳሱ የት የት እንደደረሰ ከ1965 ጀምሮ ሲጮህ ነበር። የአሜሪካ ማደያ ግን በመጀመሪያ በሩን የከፈተው ለሕፃናቱ ሳይሆን ለዚያች የሸክላ ዕቃ ነው። ሕፃናቱ አብረው ተረፉ።

ወደ እኛ አህጉር ሲመጣ ዘግይቷል። የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ፤ ከሰሃራ በታች ያሉት አገሮች በ2006 መጀመሪያ ተሰናበቱት። ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በ2021። እንግዲህ ያችን ዕቃ አውልቀን ስንሸጥ ይህን ሁሉ ዓመት የወሰደ ነገር ነው በኪሎ የምንሸጠው። መኪናው አይታመምም፤ ቢበዛ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራበታለች፤ እሷንም የሚያጠፋ ባለሙያ ይገኛል። የሚያስለው ሌላ ሰው ነው፤ ታክሲ ተራ ላይ ሲጋራና ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ፣ በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴትዮ። እነሱ ደግሞ በተለምዶ የሚቀመጡት የቱቦው አፍ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው።

አሁን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. (ይህ በእኛ ነው) የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ፤ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የለውም። የጋራዡ ሽማግሌዎች ከነጣሊያንኛቸው ሥራ ሊፈቱ ነው ማለት ነው።

ጠቡ ግን አላለቀም፤ ተገለበጠ። መኪናው ዝም ሲል ዓይነ ስውራን ተቸገሩ። በአሜሪካ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ተሟግቶ በ2010 ዝም የሚሉ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ሕግ አስወጣ። አውሮፓም በ2019 ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ በ2021 ለአዲስ መኪና ሁሉ አስገደደች፤ እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ድምፅ ማሰማት ግዴታ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ “ዝም አሰኙልን” ሲል የኖረው መንገደኛ “ኧረ ትንሽ አሰማን” አለ። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 2022 ላይ፣ ዶጅ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አሳየ። የሚቃጠል ነገር የለውም፤ ጭስ የለውም። ከኋላው ግን ድምፅ የሚያጎላ፣ ማርሚታ የሚመስል ዕቃ ተገጥሞለታል፤ ኩባንያው 126 ዴሲቤል ይደርሳል ብሎ አስተዋወቀው። የጎረቤቴ ልጅ ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳይቶኛል። “ይኼ እኮ ከፋብሪካው ነው፣ ጋሼ” አለኝ።